የመቀርቀሪያው ጀርባ

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ገደማ የክለቡ ጸሐፊ በሬን አንኳኳ። ከእሱ በፊት ያንኳኳው ማን እንደነበር ለማስታወስ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ይመስለኛል፤ እሱም ቢሆን ቆጣሪውን እንጂ እኔን አላየኝም።

ጸሐፊው ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት ነው። ከኋላው አንዲት ቀጭን ሴት ቆማለች፤ ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ቀለም ደርቆባታል። ሰዓሊ ናት አለኝ። "እማማ" ብሎ ንግግሩን ሲጀምር፣ እማማ የምትባለው ሴትዮ ማን ትሆን ብዬ ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እስካሁን ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ቢሆንም ሰው በእግሩ መጥቶልኛልና ቅሬታዬን ዋጥ አድርጌ አስገባኋቸው፤ ሻይም ጣድኩ። ወንበሩ ላይ ተቆልሎ የነበረውን የደንበኛ ሱሪ አንስቼ ለሰዓሊዋ ቦታ አስለቀቅኩላት።

የመጡበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ክለቡ የስታዲየሙን የውጭ ግንብ፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ረጅሙን፣ በሥዕል ሊያስውበው አስቧል። የሚሳሉት የክለቡ ባለታሪኮች ናቸው። ጸሐፊው ባለታሪክ አይልም፤ "ሌጀንድ" ነው የሚለው፣ ቃሉን እንደ ማስቲካ እያላመጠ። ኮሚቴው መክሮ መክሮ ከሌጀንዶቹ አንዱ ባለቤቴ እንዲሆን ወስኗል። ከእኔ የሚፈልጉት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ጋሼ ይጫወቱ በነበረበት ዕድሜ የተነሡት፣ ፊታቸው ጥርት ብሎ የሚታይበት።

ባለቤቴ ተከላካይ ነበር። ጢም ሳያበቅል የገባበት ክለብ ውስጥ ጉልበቱ እስኪከዳው ተጫወተ፤ ሌላ ማልያ ለብሶ አያውቅም። ደጋፊው ያወጣለት ስም መቀርቀሪያ ነው፤ እሱ ካለ በሩ አይከፈትም ለማለት። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ቤታችን መጥተው ቢያዩት ይስቁ ነበር። ሜዳ ላይ መቀርቀሪያ የተባለው ሰውዬ ቤቱ ውስጥ አንድም ቀን በር ዘግቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ወለል አድርጎት ይወጣል፤ ተነሥቼ የምዘጋው እኔ ነኝ።

ፎቶ ብርቅ ነው እንዴ፣ አገኝላችኋለሁ አልኳቸው። ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሞተ ወዲህ እሱን የማይበት ቦታ አጥቻለሁ። መቃብሩ ሩቅ ነው፣ ታክሲ ቀይሮ ነው የሚኬደው፤ ደርሼም የማገኘው ድንጋይ ነው። ይህ ግንብ ግን ከቤቴ ወደ ዳቦ ቤቱ በምሄድበት መንገድ ላይ ነው። እዚያ ከተሳለ በየጠዋቱ ፊቱን አየዋለሁ፣ እንዴት አደርክ እለዋለሁ፣ ዳቦዬን ገዝቼ እመለሳለሁ። ለክለቡ ክብር ይሁን ጌጥ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ሰው ማግኘት ነው።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። እኔ የባሌን አንገት አላስረዝምም። ዝምተኛ ሰው ነበር። እራት በልተን፣ ሬዲዮ ሰምተን፣ መብራት አጥፍተን ስንተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የወጣው ቃል "ጨው አቀብይኝ" ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጃችን አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች በኋላማ ከእሱ ይልቅ የስፌት መኪናዬ ታጫውተኝ ነበር። ግን ዝም የሚል ሰው ያለበት ቤትና ማንም የሌለበት ቤት ዝምታቸው አንድ አይደለም። መኪናዬን ሳቆም እሰማዋለሁ። ስለዚህ ስፌት ባይኖረኝም የተሰፋውን ፈትቼ መልሼ የምሰፋበት ቀን አለ።

እሱ በሚጫወትበት ዘመን ደግሞ የምጠላው ቅዳሜን ነበር። ባለቤቴ የጨዋታ ቀን ከቤት ሲወጣ በር ላይ ዞሮ አያይም። ዞሮ ካየ ይሸነፋሉ፤ እንዲህ ብሎ ራሱን አሳምኗል። ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እብስ። እኔም ነገር አላልፍም፤ በወጣ ቁጥር ከኋላው "ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና" እለዋለሁ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሳይዞር ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ይልክና ወገቡ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ያሳየኛል፣ ጣቶቹን በትኖ። በቃሽ፣ አትነዝንዢኝ ማለቱ ነው። በዚያ መዳፍ እስከ ማታ ስበግን እውላለሁ። ዳቦውንም አንድ ቀን እንኳ አምጥቶት አያውቅም። ኳስ ካቆመ በኋላም አመሉ አልለቀቀውም፤ የሚያስጨንቀው ጉዳይ ያለበት ቀን ሲወጣ አይዞርም፣ መዳፉን ብቻ አሳይቶኝ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ብቻ ዞሯል። ሆስፒታል ሊወስዱት የመጡት ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉት በሩ ጋ ሲደርሱ አንገቱን አዙሮ አየኝ። ሁለት እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝተዋል። ስለ ዳቦ አልተናገርኩም፤ ምነው ዛሬ ዞርክ ለማለትም አፌ አልታዘዘልኝም። በዚያው ሄደ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ካርቶን አውርጄ አልጋው ላይ ገለበጥኩት። የቡድን ፎቶ ሞልቷል። ባለቤቴ ሌላም አመል ነበረው፤ የታኬታውን ክር የሚያስረው ፎቶ አንሺው "ተዘጋጁ" ሲል ነው፣ ቀድሞ ካሰረ ዕድል ይሸሸዋል። በሁሉም ፎቶ ላይ ሌሎቹ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል፤ ከመሐላቸው አንድ አናት ይታያል። ከጋዜጣ የቆረጥኳቸውም አሉ። የእኛ ክለብ ፎቶ አንሺ የሚቀመጠው ከተጋጣሚው ጎል ኋላ ነው፤ የእኛ ጎል የሚገባው እዚያ ነዋ። እሱ ያነሣው ላይ ባለቤቴ በሩቁ የምስር ፍሬ ያክላል። የተጋጣሚ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ከእኛ ጎል ኋላ ሆነው የራሳቸውን ጎል ሲጠብቁ አንሥተውታል፤ እዚያ ላይ የሚታየው ጀርባው ነው።

የሠርጋችን ፎቶ ቀረ። በሠርጋችን ዋዜማ በተደረገ ጨዋታ የሰው ክርን አግኝቶት አፍንጫው ቲማቲም አክሎ ነበርና፣ ፎቶ አንሺው "ወደ ሙሽራዋ ዙር" ብሎ ገላገለው። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው አንዲት ግራ የገባት ሙሽራና የአንድ ሰው ማጅራት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ከሥሩ ተቀምጬ ስሰፋ አንድም ቀን አላስከፋኝም ነበር።

ለልጄ ደወልኩላት። በስልኳ ያነሣችውን ሁሉ ላከችልኝ፤ ያ ግን በሽታ ያከሳው፣ ጸጉሩ የሸሸው አባቷ ነው። ጸሐፊው አየና ራሱን ነቀነቀ። "እንዲህ ሆነው ማን ያውቃቸዋል?" አለ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ አውቀዋለሁ ልለው ፈልጌ ተውኩት።

በመጨረሻ የጎልማሳነቱ መታወቂያ ከአሮጌ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። የመታወቂያ ፎቶ መቼም የታወቀ ነው፤ ሰው ሁሉ ሊፈረድበት የቆመ ይመስላል። ሰዓሊዋ ከእሱ ላይ ፊቱን በእርሳስ አወጣችውና ጸሐፊው ደጋፊዎች ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ይዞት ሄደ፣ ያውቁት እንደሆነ ሊፈትን። አንዱ የድሮው ገንዘብ ያዥ ነው አለ። ሌላው ፍጹም ቅጣት ምት የከለከለን ዳኛ ነው ብሎ ተቆጣ፤ በእኛ ግንብ ላይ ምን ያደርጋል አለ። መቀርቀሪያ ነው ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ባለቤቴ በዚያ ሻይ ቤት ደጅ ዕድሜውን ሙሉ ተመላልሷል። ሰዎቹም ይጠሩት ነበር፤ የሚጠሩት ግን ሁልጊዜ ካለፋቸው በኋላ ነው። ፊት ለፊት ሲመጣ ማንም ልብ አይለውም፤ አልፎ ሲሄድ "መቀርቀሪያ!" ይሉታል፣ እሱም ሳይዞር እጁን ያነሣላቸዋል። አብሬው ስሄድ ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ያሰብኩበት ግን ያን ቀን ነው፤ ሰውዬው ለካ እዚህ ሰፈር ያለ ፊት ነው የኖረው።

ጸሐፊው ይህን ሊነግረኝ ሲመጣ ከበሩ አላለፈም። የሰዓሊዋ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ደርሷል፤ ፎቶ ካልተገኘ ኮሚቴው ቦታውን ለምላጭ ሊሰጠው ነው። ምላጭ የእነ ባለቤቴ ዘመን አጥቂ ነው። ከክለቡ ጎሎች አብዛኞቹን ያገባ፣ መልከ መልካም፣ ካሜራ ሲያይ ጥርሱ የሚቀድመው። በጉብዝናው ጊዜ ከማዶ ያለው ባላንጣ ክለብ ቢያፏጭለት ሄዶ የእነሱን ማልያ ስሞ ለበሰ፤ የተመለሰው እግሩ ሲዝል ነው። ፎቶው ግን ሞልቷል። ፈገግ ያለበትን፣ የዘለለበትን፣ ዋንጫ የታቀፈበትን፣ የፈለጉትን መርጠው መሳል ነው።

ታማኝነት አይቆጠርም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ይቆጠራል አለኝ፤ ግን ለብቻው አይበቃም። የሣር አጫጁም ታማኝ ነው፣ የበር ጠባቂውም ታማኝ ነው። ሌጀንድ ማለት አባት ልጁን ይዞ በግንቡ ሥር ሲያልፍ ጣቱን ቀስሮ "ያ እሱ ነው" የሚለው ነው።

"ደጋፊው የሚያስታውሰው ጎል ነው፣ እማማ" አለ፣ ጫማውን እያየ። "ሳይገባ የቀረ ጎል ማን ያስታውሳል?"

"በረኛው" አልኩት።

የምለው ስለጠፋኝ ነው ያልኩት። ግን ካልኩት በኋላ ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። እስከ ሰኞ ታገሡኝ ብዬ ለመንኩት፤ እሺ አለኝ፣ አዝኖልኝ መሰለኝ።

በረኛው የባለቤቴ ጓደኛ ነው፤ ከእሱ ኋላ ሆኖ ያን ሁሉ ዘመን ጎሉን የጠበቀው እሱ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት ይመጣል። አያንኳኳም፤ ደጅ ቆሞ ያስላል፣ እከፍትለታለሁ። የባለቤቴ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሁለት ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያኖራቸዋል። ሚስቱ ቀድማው ሞታለች። ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ዝናብ ጥቂት እናወራለን፤ ሳይመሽ ይሄዳል። ሁለት ብቸኛ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ብቸኝነቱ የሚቀንስ ይመስላል እንጂ ብዙም አይቀንስም። ባይመጣ ግን ይከፋኛል።

ያን እሑድ ሰዓሊዋን ጠርቼ ጠበቅኩት። ሻዩን ከቀዳሁለት በኋላ ጉዳዩን ነገርኩት፤ መታወቂያው ያልያዘውን እሱ እንዲነግራት ለመንኩት። ሲጫወት ፊቱ ምን ይመስል ነበር? ቅንድቡ እንዴት ነበር፣ አፉ እንዴት ነበር?

በረኛው ብርጭቆውን አስቀመጠ። እንዳፈረ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ "እኔ ፊቱን አላውቀውም" አለ።

ሳቄ መጣ። አብረው አርጅተዋል እኮ። እያላገጠ እንዳልሆነ ሳይ ግን ሳቄን ዋጥኩት። ከሜዳ ውጪማ እንደማንኛውም ሰው ያውቀዋል፤ ሲስቅም ሲያኮርፍም አይቶታል። ሜዳ ላይ የነበረውን ሰውዬ ግን ፊቱን አላየውም። በረኛ የሚያየው የሰው ጀርባ ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ያየው አምስት ቁጥርን ነው። ሰዓሊዋ ይህን ስትሰማ እርሳሷን አነሣች። እንግዲያው ጀርባቸውን ይንገሩኝ አለችው።

ተናደድኩ። ፊቱን ያመጣልኛል ብዬ ሻይ የቀዳሁለት ሰውዬ ጀርባውን ሊያወራልኝ! ጀርባውንማ ጠግቤዋለሁ፤ በየቅዳሜው ከእሱ ሌላ ምን አይቼ አውቃለሁ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ መኪናዬ ዞርኩ፣ የደንበኛ ሱሪ መስፋት ጀመርኩ። ጆሮዬን ግን አልዘጋሁም። በረኛው አንገቱ አጭር ነው ሲላት፣ አይደለም፣ የሚያጥር የሚመስለው ሲጨንቀው ትከሻውን ስለሚሰቅል ነው ብዬ አረምኩ። ቀኝ ትከሻው ደግሞ ከግራው ዝቅ ይላል፤ ኮቶቹን ሁሉ በዚያ በኩል ስፖንጅ እየጨመርኩ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ኮቱ እስካሁን በሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ አውልቆ እንደተወው። ሰዓሊዋ አየችውና ጀርባው ወደ እሷ እንዲሆን አዙሬ ልሰቅልላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዞርኩላት። የትከሻው ጉብታ፣ የክርኑ እጥፋት፣ ወገቡ ላይ የሳሳው ጨርቅ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሦስታችንም ባዶ ኮት ላይ አፈጠጥን። ማልያው ምን ዓይነት ሰማያዊ እንደነበር ጠየቀችን፤ እኔ የታጠበ ሰማያዊ አልኳት፣ በረኛው የጭቃ ሰማያዊ አለ።

ጀርባው ወረቀቱ ላይ ሲወጣ በረኛው ከበርጩማው ተነሥቶ ቀረበ። ብዙ ካየው በኋላ እጁ የለም አለ።

ሰዓሊዋ ሁለቱንም እጆች ስላ ነበርና ግራ ገባት። በረኛው እኔን አየ፣ በሩን አየ። ነገሩ ምስጢር ነበር፤ ተጋጣሚ እንዳይደርስበት ከሁለቱ ሌላ ማንም አያውቀውም፣ አሰልጣኙም ጭምር። ጓንቱን ከሰቀለ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም ለመናገር ይሰስታል። በመጨረሻ ጀርባውን ሰጠን፤ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ላከ፤ ወገቡ ላይ መዳፉን ዘረጋ፣ ጣቶቹን በትኖ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

"ይሄ ቆይ ማለት ነው" አለ በረኛው፣ እንደዞረ። "ኳስ ሲመጣ በረኛ ልውጣ አልውጣ እያለ ይጨነቃል። ወጥተህ ካልደረስክ አለቀልህ። እሱ ደግሞ ዞሮ ሊነግረኝ አይችልም፤ ዓይኑን ካነሣ አጥቂው ያመልጠዋል። በእጁ ነበር የሚነግረኝ። ጡጫ ከሆነ ውጣ ነው። መዳፍ ከሆነ፣ ቆይ፣ አትውጣ፣ እኔ አለሁ።"

"ሌላ ትርጉም የለውም?" አልኩት።

"ምን ሌላ ትርጉም ይኖረዋል፣ እህቴ? እኔ አለሁ ነው።"

ሲሄዱ በሩን ዘጋሁና የባለቤቴ ወንበር ፊት ቆምኩ። አለቀስኩ፤ አልቅሼም ሳልጨርስ ተቆጣሁ። ይህ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ቆሞ እኔ አለሁ ሲለኝ፣ እኔ ግን በቃሽ እንዳለኝ ቆጥሬ ኖሬያለሁ። አፍ ነበረው እኮ። ጨው አቀብይኝ ለማለት የሚከፈት አፍ ነበረው፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ይህን በአፉ ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? ወንበሩን ይህን ሁሉ ጠየቅኩት። ወንበሩም እንደ ጌታው ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ሰኞ ጸሐፊው ሥዕሉን ሲያይ ፊት የሌለው ሌጀንድ የት አገር ታይቶ ያውቃል አለ። ሰዎች ይስቁብናል፣ ሠሪው ጀምሮ የተወው ነው የሚመስለው። ሰዓሊዋ ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰችለት፤ ደጋፊው ካላወቃቸው ነጭ ቀለም አለ፣ በአንድ ከሰዓት አጠፋቸዋለሁ፣ ምላጭንም እዚያው ላይ እስላለሁ። በዚህ ተስማሙ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ተጠይቄም ቢሆን ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ፊቱን ፈልጌ ነበር፣ አሁን ደግሞ ያቺ እጅ እንዳትጠፋብኝ ፈራሁ።

ሥራው ሲሠራ ግንቡ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ወደ ዳቦ ቤት ስሄድ ከሸራው ሥር የመሰላል እግርና የሰዓሊዋን ጫማ አያለሁ። ሻይ በፔርሙዝ አደርስላት ጀመር። ግቢና እይ አትለኝም፤ እኔም አልጠይቃት። አንድ ቀን ብቻ ከውስጥ ሆና መዳፋቸው ላይ ጠባሳ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አውራ ጣቱ ሥር አለ አልኳት፣ ቆርቆሮ የቆረጠው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ዕለት ስፌቴን እያዜምኩ ሰፋሁ።

ሸራው የወረደው ቅዳሜ ከጨዋታ በፊት ነው። መንገዱ በደጋፊ ተሞልቷል። በረኛው አጠገቤ ቆሟል፤ ትልልቅ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶታል። ገመዱ ተሳበ፣ ሸራው ወረደ። ባለቤቴ ከነቁመቱ፣ ፎቅ አክሎ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ቆሟል። አምስት ቁጥር፣ ዝቅ ያለው ትከሻ፣ ያጠረ የሚመስለው አንገት፣ ወገቡ ላይ የተዘረጋው መዳፍ። ፊት ለፊቱ ምንም የለም፣ ባዶ አረንጓዴ ብቻ።

ማንም ስሙን አልጠራም። ጸሐፊው ወደ ሰዓሊዋ ዞረ፤ እኔም በልቤ አለቀ፣ ነጭ ቀለም አልኩ። ያኔ ከሻይ ቤቱ በኩል አንድ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ፣ ሰው ካለፈ በኋላ እንደሚጠሩት አድርጎ፣ "መቀርቀሪያ!" አለ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ መንገዱ በሙሉ ያን ስም ጠራ፣ ጠርተውም ዝም አሉ። እንደ ልማዱ እጁን እስኪያነሣላቸው የጠበቁ መሰለኝ። በረኛው እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ እኔ ሌላ ሌላውን አየሁ።

ጨዋታው ሲጀመር ሕዝቡ ወደ ውስጥ ገባ፤ በረኛውንም ወጣቶች ደግፈው ወሰዱት። መንገዱ ላይ የቀረነው እኔና አንድ ሽክ ያለ ሽማግሌ ነን። ጥርሱን አይቼ አወቅኩት፤ ምላጭ ነው። ቆቡን አወለቀልኝ። ቦታው ለእሱ ታስቦ እንደነበር ሰምቷል፤ ቢሰጡኝ እምቢ እል ነበር ብዬ አልዋሽዎትም አለኝ። ይህን በማለቱ ወደድኩት።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይህ ሰው ማዶ ሄዶ በእኛ ላይ ተጫውቷል። ባለቤቴን ከፊት ለፊት ያየው እሱ ነው።

"ሲጫወት ፊቱ ምን ይመስል ነበር?" አልኩት።

ምላጭ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ መለሰ። "ይፈራ ነበር" አለ። "አብረን ስንጫወት አላውቅም ነበር። ማዶ ሄጄ ኳስ ይዤ ስመጣበት ነው ያየሁት። ፊቱ አመድ ይሆናል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ቀን ዛሬስ አገኘሁት ብዬ ነበር። ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ያን ፊት እያየሁ አንድም ጎል አላገባሁበትም።"

ቆቡን ደፍቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ያን ፊት አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በተሽከርካሪው ወንበር ላይ፣ በሩ ጋ። ለካ በየቅዳሜው ሲወጣ ያን ፊት ይዞ ነበር የሚወጣው፤ እንዳላይበት ወደ ፊት ይዞት ይሄዳል፣ ለእኔ እጁን ብቻ ይልክልኛል። ያን ቀን ግን እኔ አለሁ ሊለኝ አልቻለም። ውሸት ይሆንበት ነበር። እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ተወና ፊቱን ሰጠኝ።

ከግንቡ ወዲያ ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ማን እንዳገባ አላውቅም። ወደ ሥዕሉ ቀረብኩና በረኛው ይቆምበት የነበረው ቦታ ይህ ይሆናል ባልኩበት ቆምኩ፣ ከኋላው። መዳፉ ከራሴ በላይ ነው፤ አውራ ጣቱ ሥር ጠባሳው አለ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም።

"ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና" አልኩት።

እጁ እንደተዘረጋ ነው። ከዚያ ዳቦውን እንደ ሁልጊዜው እኔው ገዝቼ ገባሁ።